ሰንሰለቱ

ዛሬ እኩለ ሌሊት ሰንሰለቱ ሊፈታ፣
ድልድዩ ተጨንቋል በሰው በሁካታ።
ሃምሳ ሁለት ቀን ሙሉ ታስሮ የከረመ
የኒንዳካራ ጀልባ አጉረመረመ፤
ሰማዩ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣
ከወንዙ ማዶ የደብር ደወል ይመታል።
እኔ ከነቅርጫቴ፣ ከጨረታው ደጃፍ፣
ከሳሪዬ ጫፍ ውኃ ሲንጠፈጠፍ፣
ሁለት ሰው እሰማለሁ በሁለት ጆሮዬ፤
ባሌ በቀኜ ነው፣ በግራዬ አባዬ።

አባቴ ክሌታስ፣ ሰባ ሦስት ዓመቱ፣
የመረቡ ዓይን ልክ ያውራ ጣት ስፋቱ፣
ሕጉ የማያስረው፣ ጀልባው ትንሽ ስለሆነ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ ባሌን ኮነነ፦
«ሃምሳ ቀን የጾመ ዓመቱን ካግበሰበሰ፣
ጾሙን ፈታ ይባላል ወይስ አፈረሰ?
አንዱን ሰንሰለት ከድልድይ ያስራሉ፣
ሌላውን በባሕሩ ወለል ይጎትታሉ፤
ዛጎሉን፣ ሣሩን፣ የሽሪምፕ ጓዳውን
ሌባ እንዳመሰው ቤት ጥለው ባዶውን።
እኔ በልጅነቴ እጄን ብነክር ብቻ
ሰርዲን ይልሰኝ ነበር እንደ ጥጃ።»

ስታንስላው ሳቀ፤ ሳቁ ግን አይጥምም።
«አባባ፣ ባሕር እንጂ ባንክ አይጾምም።
ወለድ ዝናብ አይፈራ፣ ወለድ አይተኛ፤
ከአምብሮስ ጀልባ ጋር ታስሯል ቁራኛ።
ከኦዲሻ በባቡር የመጡት ስምንቱ
ሩዝ በዱቤ ሲበሉ አለቀ ክረምቱ።
ደግሞስ የእናንተ ሰፈር የቀለበት መረብ
የሰርዲን ጫጩት በመንጋ ሲከብ፣
ባሕሩን ሲያጥር፣ ሲያፍስ ሲያድር፣
ለዚያስ ሰንሰለቱን ማን ነበር የሚያስር?»

አባቴ ዝም አለ።
የወንድሜ መረብ እንደዚያ ነው፤ ያውቃል፤
ያወቁት ነገር ደግሞ ጉሮሮ ላይ ይደርቃል።

አምና ከጥናት ተቋም አንዲት ልጅ መጥታ፣
ሱሚትራ ትባላለች፣ ከነጫማዋ ጭቃ ገብታ፣
ማስመሪያ ሰጠችኝ፦ «ከአሥር ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሰርዲን
አትግዢ፣ እህቴ፤ ይደግ፣ ይውለድልን።»
ትክክል ነች። እኔም ትክክል ነሽ አልኳት።
የቀኑን ጉርስ ግን በምን ልለካ? አላልኳት።
ማስመሪያው ቤት ነው፤ ልጄ ታሰምርበታለች፣
ደብተሯ ኅዳግ ላይ ዓሣ ትሥላለች።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ ሰንሰለቱ ወደቀ።
ርችት ተተኮሰ፤ ወንዙ ቀላ፣ ደመቀ።
መብራት በመብራት ላይ፣ ጀልባ ተከትሎ ጀልባ፣
ጨለማው ባሕር ውስጥ ከተማ ሆኖ ገባ።
ባሌ እጁን አነሣ። ያየሁት መሰለኝ።
አባቴ «ይቅናው» አለ። ሌላ አልጨመረልኝ።

ሲነጋ ተመለሱ። አንዱን ሣጥን ሳየው፣
ከላይ ሽሪምፕ ነው፣ መርከብ የሚጠብቀው፤
ከሥሩ ጥፍር የሚያህል፣ ስሙን ያልለየነው፣
ዓይኑ ብቻ የገነነ ጫጩት የሞላው።
የዱቄት ፋብሪካው መኪና በር ላይ ቆሟል፤
ልክ አይጠይቅም እሱ፣ በአካፋ ይዝቃል፤
ጫጩቱ ለጫጩት፣ ለዶሮ ቀለብ ይሆናል።

የዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ቢሉ፣
ስንጥቡን ገለጥኩት፤ ቀይ ነው፣ እርጥብ ነው አካሉ፤
ትናንት የዋኘ ነው። የት ነው ታዲያ ሽታው?
እጄን አሸተትኩት።
ተጀመረ ጨረታው።
ሁለት መቶ ሩፒ! ሦስት መቶ! ጣቴን አነሣሁ፤
ከላይ ያለውን ሳይሆን ከሥር ያለውን ገዛሁ፤
የሚበቃኝ እሱ ነው።

ማታ ጠብሼ አቀረብኩት ከሩዙ ጎን።
አባቴ አንዱን አነሣ፤ አጋደመው
ካውራ ጣቱ ጋር።
አጠረ።
አልተቆጣም። ሩዙን ብቻ በላ።
ባሌ ጣቱን አየ፤ ሳህኑን ቀስ ብሎ ገፋ።
ልጄ ማስመሪያዋን ልታመጣ ተነሣች፤
«ተቀመጪ» አልኳት።
ልክ የማታውቀው ድመታችን በላች።