የይለፍ ቃል

ማክሰኞ ማታ ነው፤ አፉላ፣ ምድር ቤት፣
የሥራ ሰው ሁሉ ደክሞ የሚማርበት።
አሥራ አንድ ማሽን፣ አሥራ አንድ ወንበር፣
እንደ ሽማግሌ የሚያንኮራፋ ማቀዝቀዣ ከበር።
ተማሪዎቼ እናቴን፣ አባቴን ያህላሉ፤
ስገባ ይነሡልኛል፣ "ተቀመጡ" ስል ይስቃሉ።

መጀመሪያ ቅጽ ነው፤ ስም፣ ያባት ስም፣ የልደት ቀን።
"ጃንዋሪ አንድ" አሉ ወይዘሮ ድምቄ።
ከጎናቸው፦ "ጃንዋሪ አንድ"። ከኋላ፦ "እኔም"። "የኔም ያው"።
አየር ማረፊያ ላይ አንድ የቸኮለ ጸሐፊ
ሁሉንም ባንድ ብዕር አዋልዷቸው።
አቶ አድጎአይቸው ስክሪኑን ገረመም አድርገው፦
"ታዲያ ይኼ ፍጡር በምን ይለየናል?
መንታ እንኳ አይደለን፣ አሥራ አንድ ሆነን ተወልደናል።"

ዕብራይስጡ ከቀኝ ይመጣል፣ አማርኛው ከግራ፤
መሀል ላይ ጠቋሚዋ ትቆማለች
እየበራች፣ እየጠፋች፣ ማንን እንደምትከተል ተቸግራ።
አውቃታለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ
የሐኪም ቤት ደብዳቤ ለእናቴ ሳነብ
እንዲሁ ነበር የምቆም፣ ክፉው ቃል ላይ ስደርስ።

ሰባት ቁጥር ማሽን አልነሣም አለ።
ተጫንኩት፤ ዝም። ደገምኩት፤ ዝም።
ለጥገና ክፍሉ ስልክ ላነሣ ስል
ጠረጴዛው ሥር ገቡ ወይዘሮ ዝማም።
"ይቺ ገመድ ናት" አሉ ከታች፣
"መወልወያ ሲነካት ትለቃለች።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አመሏን አውቃለሁ።"
ስክሪኑ በራ።

ዘጠኝ ዓመት! እኔ ስመጣ ወለሉ ደርቆ፣
መስታወቱ ጠርቶ ነበር የሚጠብቀኝ፤
የማን እጅ ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።
ከኪቦርዱ መሀል ፍርፋሪ በብሩሽ እያወጡ
ተማሪ በየትኛው ቁልፍ ላይ እንደሚበላ ለይተዋል፤
የቁልፉን ስም ብቻ የነገራቸው የለም።

"አሁን የይለፍ ቃል" አልኩ፣ "እርስዎ የማይረሱት፣
ሌላ ሰው የማያውቀው።"
"ይለፍ? ማነው የሚያልፈው?"
"እርስዎ።"
"በሩን የሚጠብቀውስ?"
"እሱም እርስዎ።"
ቆዩ። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ።
ከዚያ የመንደራቸውን ስም ጻፉ፣
አንድ ጣት፣ አንድ ፊደል፣ አንድ ትንፋሽ።
ማሽኑ በቀይ መለሰ፦ ደካማ ነው።
"ደካማ?" ሳቁ። "ከዚያ እስከ ሱዳን በእግሬ ነው የሄድኩት፤
ይኼ የት ሄዶ ያውቃል?"
"ቁጥር ይጨምሩበት" አልኩ፣ እኔ እንዳጠፋሁ አፍሬ።
"እንግዲያው ፊትሽን አዙሪ፣ ልጄ።"

አዞርኩ። ግድግዳው ላይ የእሳት መውጫ ካርታ አለ፤
ሁለት ጊዜ አነበብኩት።
ከኋላዬ ቁልፎቹ ረገጥ፣ ረገጥ፣ ቆም፣ ረገጥ።
አረንጓዴ ሆነ።
ምን እንደጨመሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በስድስተኛው ሳምንት የደመወዝ ወረቀታቸውን ከፈቱ።
ልጃቸው ነበር ሲያይላቸው የኖረ፣ እሱም ሲመቸው፤
"ደህና ነው እማዬ" ብሎ ስልኩን የሚዘጋ።
ስንቱን ሰው የጣት አሻራ ካበሱበት መስታወት ላይ
ዛሬ የራሳቸውን ጣት አሳረፉ፤
ወረዱ፣ ወረዱ፣ ቆሙ።

"ይኼ ቁጥር ሰዓት ነው?"
"አዎ።"
"ሁለት አርብ ጠዋት ገብቻለሁ። ዝናቡ የጣለ ጊዜ።
እዚህ የለም።"
በጣታቸው ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ።
"ስድስት ሰዓት" አሉ።
አልጮኹም። ክፍሉ ግን ጸጥ አለ፤
አቶ አድጎአይቸው መነጽራቸውን ይዘው ተነሡ፣
ወይዘሮ ድምቄ የራሳቸውን ወረቀት ፍለጋ ገቡ።
ወይዘሮ ዝማም ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ፦
"አስተማሪ፣ ይኼ እንዴት ነው የሚታተመው?"

በመርሐ ግብሬ ማተም ያለው አሥረኛው ሳምንት ላይ ነበር።
ማተሚያውን ሰካሁት።