ስርዝ ድልዝ

ሰኔ ነው፤ እነዋሪ። ገበሬው ደጅ ውሏል፣
አህያው ሰልችቶት ጆሮውን ጥሏል፣
የመጋዘኑ ቁልፍ ከአንገቴ ተንጠልጥሏል።
ከሦስት መቶው መሐል አንድ ኩንታል ዩሪያ
በጓሮ በር ወጣ፣ በደላላ አህያ።

«ልጄ ታሞብኝ ነው» ብዬ ብጽፍ ያምራል፣
አንባቢም ያዝናል።
ልጅ የለኝም እኔ። ያማረኝ ጃኬት ነው፣
ደብረ ብርሃን ያየሁት፣ ጥቁር የቆዳ ነው፤
ለብርድም አይደለ፤ ሰው እንዲያየኝ ብዬ ነው።

ማታ ደረሰኙን ከመሳቢያ አውጥቼ፣
የአንድ ገበሬን ስም መሐል ላይ አግኝቼ፣
ሦስትን አራት ላደርግ ብታገል አቃተኝ፤
ስምንት ግን ቀላል ነው፣ ሁለት ጭረት በቃኝ።
እንግዲህ በወረቀት አምስት ኩንታል ወጣ፤
በእጄ ያለፈው አንድ፤ አራት ትርፍ መጣ!
ትርፍም ያስጠይቃል። ምን ይደረግ ታዲያ?
ሂሳቡ እንዲገጥም፣ ለሐቁ ስል ብቻ፣
ሸጥሁት ያን ዩሪያ።

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አለ
ያ ሌባ ለእናቱ። እኔን ማን ያየ አለ?
እንቁላሉን አቅፌ፣ በጃኬቴ ሸፍኜ፣
እስኪፈለፈል ድረስ ከረምሁ ዶሮ ሆኜ።

ጋሽ እጅጉ ዘበኛው፣ ፊደል ያልቆጠረ፣
ጠጠር ግን በኪሱ ቆጥሮ ያስቀመረ፣
ጆንያ በወጣ ቁጥር አንድ አንድ እየጣለ፣
«ልጄ፣ አምስት ጠጠር ኪሴ ውስጥ ቀረ» አለ።
«ተሳስቼ ይሆን? እስቲ መዝገብ እየው።»
አየሁለት። «ልክ ነው።»
ዓይኑን ግን እኔ ላይ ጣለው።

በማግስቱ ማለዳ ጣቢያ ቀድሜ ሄድሁ፣
«የጓሮውን መዝጊያ ሌት ሲከፍት አየሁ»
ብዬ ቃሌን ሰጠሁ።
ችሎት ቆሜ ስምል ጃኬቴን ለብሻለሁ።
ጠጠሮቹን ዘርግቶ ሲቆጥር ከዳኛው ፊት
ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ሁለት ዓመት ፈረዱበት።

ሚስቱ የሸዋሉል መጣች በመስከረም ጭቃ፣
አሥር እንቁላል በገለባ ጠቅልላ፣ ተጠንቅቃ፤
«አንተ ፊደል አለህ፤ ይግባኝ ጻፍልኝ» አለች።
እንቁላሉን ተቀበልሁ።
ጻፍሁላት፣ በደንቡ፣ ባማረ እጅ ጽሕፈት፤
አንድ ነገር ብቻ አከልሁበት፦
ቀኑን ጽፌ ሰረዝሁ፣ በላዩ ደለዝሁ፣
የአውቶብሷን ሒሳብ ራሴው ከፈልሁ።
«ስርዝ ድልዝ ያለበት አንቀበልም» አሏት፤
ደግማ ልታስጽፈኝ ስትመለስ ቀኑ አልፎባት።

እጅጉ በጥር ሞተ። ደብረ ብርሃን በጥር
ውሃው በባልዲ ውስጥ ያድራል እንደ ጠጠር።

ሚያዝያ ኦዲተር መጣ፤ ሁለት ቀን ቆጠረ፤
አንድ ኪሎ ሳይጎድል ሁሉም ልክ ነበረ።
ጨበጠኝ። ጃኬቴን በስንት ገዛኸው አለኝ።
ስንት እንዳልሁት ረሳሁ።

የሸዋሉል ግን አንዴ ከገበያ ስትመለስ አቁማኝ፣
«ስጪው ብሎ ነው፤ ምን እንደሆን እንጃ» ብላ
የታሰረ ጨርቅ ሰጠችኝ።
አልፈታሁትም። መፍታት ምን ያደርጋል?
ስንት እንደሆኑ ጣቴ በጨርቁ ላይ ያውቃል።

ኪሴ ውስጥ ከተትሁት፤ እዚያው ነው ያለው።
ማታ ማታ ጃኬቴን ግድግዳው ላይ ስሰቅለው
በአንድ ጎኑ ያዘነብላል።
ሚስማሩን ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ።