ቀሪ ሂሳብ

ፎቶ ለማየት አይደለም የገባሁት፣ ልንገራችሁ፤
ዝናብ ነው ያስገባኝ። የጅማን ዝናብ ታውቃላችሁ፣
ከጅሬን ጋራ ወርዶ ሳይነግር የሚነሳ፣
እንኳን የባጃጅ ሸራ ቆርቆሮ የሚበሳ።

ባጃጄን ከበሩ ጥግ አስጠግቼ፣
ጫማዬን ጠርጌ፣ እንደ ተጋባዥ ገብቼ፣
አዳራሹ መሐል ቆምኩ።
«ብርሃኑን እዩት!» ሲል አንዱ፣ የሰው ስም መስሎኝ ዞርኩ።
ለካ ግድግዳው ሁሉ ፎቶ ነው፤ ሰዉ እጁን ከኋላ ቋጥሮ
ቀረብ ራቅ ይላል፣ በግ እንደሚገዛ አባውሮ።

መጀመሪያ የተናገረችው ፈትያ የምትባል ልጅ ነች፤
የቦዬን ረግረግ ጉማሬ ሦስት ዓመት ደጅ የጠናች።
«እኔ» አለች፣ «የማነሳው ጉማሬውን አይደለም፣
እሱማ የትም አይሄድም።
ከመውጣቱ በፊት ያለው የውኃው ዝምታ ነው፤
ትንፋሹ አረፋ ሲሆን፣ ያኔ ነው ጣቴን የማዘው።
ማን አስተማረሽ ካላችሁኝ፣ ዓሣ አስጋሪው አጎቴ፤
መረብ እንጂ ካሜራ አያውቅ፤ ከእሱ ነው ግን ትዕግሥቴ።»

ቀጥሎ ኦብሳ ተነሳ፤ ጢሙን እያፍተለተለ
«ቀለም ይዋሻል» አለ።
«የሒርማታን ሐሙስ ገበያ በጥቁርና ነጭ ነው የማየው፤
ቀለሙን ስቀማው ነው በርበሬው የሚፋጀው።
ባለ ሦስት እግር በርጩማዬን መሬት ላይ አስቀድሜ
ከወገብ በታች አነሳለሁ፤ እግር ነው የእኔ ዓለሜ።
ፊትማ ማስመሰል ለምዷል።»
«ታዲያ እናቴን በእግሯ ነው የማውቃት?» አለች አንዷ ከኋላ።
ሳቅ ሆነ።

ሳቁ ሳያልቅ፣ ድርግም።
መብራት ሄደ። ማንም አልደነገጠም።
አዘጋጇ «ይቅርታ፣ ጄኔሬተሩ…» ብላ ሳትጨርስ
ከጥጉ አንድ ድምፅ መጣ፣ የሻከረ ግን ለስለስ፦
«ተዪው ልጄ፣ ለእኔስ ይሻለኛል።
አርባ አንድ ዓመት በቀይ አምፖል ጓዳ ኖሬያለሁ፣ ለምዶኛል።
ፎቶ በብርሃን ይፀነሳል፣ የሚወለደው በጨለማ፣
ከመድኃኒት ሳህን ውስጥ፣ ኮሽታ ሳይሰማ።
ግንባሩ አስቀድሞ፣ ከዚያ ዓይኑ ብቅ ሲል
ስንቴ ‹እንኳን ደህና መጣህ› ብያለሁ፣ የሚሰማኝ ይመስል!»

ጋሽ ዱባለ ናቸው፣ የአጂፕ ሰፈሩ ባለ ፎቶ ቤት፤
የመታወቂያ፣ የፓስፖርት፣ የጉርድ ፎቶ አባት።
«ስልትዎ ምንድን ነው?» አላቸው ኦብሳ።
«ስልት? ‹አገጭ ከፍ፣ ትከሻ ዝቅ፣ አትሳቅ›፤ ይኸው ነው ልጄ።
ያነቃቃኝ? የቤት ኪራይ፤ በየወሩ የሚቆም ከደጄ።
ዛሬ ያመጣሁት ግን ሰዎች ተነስተው ያልወሰዱትን ነው።
ቀብድ ከፍለው ‹ሐሙስ እመጣለሁ› ያሉ፣
በብስኩት ቆርቆሮዬ ሐሙስን እየጠበቁ ያሉ።
ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ራቀ፣ ማን ብር እንዳጠረው አላውቅም፤
ፊት አደራ ነው፤ አደራ ከቆሻሻ ጋር አይጠረግም።»

ስልኮች በራ በራ አሉ። እኔም የእኔን አብርቼ
ከጉርድ ወደ ጉርድ ስሄድ፣
አራተኛው ረድፍ ላይ፣
እናቴ።

እኔን ሳትወልድ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው።
ሹሩባዋ ከሻሿ ሾልኮ፣
አትሳቂ ተብላ በአንድ ጉንጯ ብቻ የሳቀች።
ከሥሯ በእርሳስ፦ ቁጥር 318፣ ቀሪ ሂሳብ ሁለት ብር።

ስትሞት ግድግዳችን ላይ የምንሰቅለው አጥተን ነበር።

«ይህችን ላስለቅቅ» አልኩ በጨለማው።
«ደረሰኝ አለህ?» አሉ፣ በሥራ ድምፅ፣ ደረቅ ባለው።
«የለኝም።»
ስልኩን ከእጄ ወስደው ፊቴ ላይ አበሩት፤
አገጬን በሁለት ጣት ከፍ፣ ትከሻዬን ዝቅ አደረጉት።
ቆዩ።
«አትሳቅ» አሉ።
ጉንጬ አልታዘዘኝም፣ አንዱ።
«በል፣ ደረሰኙ ተገኘ» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

ሁለቱን ብር ግን አልማሩኝም። ተቀበሉ፤
ምራቃቸውን እርሳሱ ላይ ነክተው «ተከፍሏል» አሉ፣ ጻፉ።
ያኔ መብራት መጣ። ሰዉ አጨበጨበ፣
ለመብራቱ።

ውጭ፣ ባጃጄ ውስጥ አንዲት ሴት ተጠልላ
«መርካቶ ስንት ነው?» ትላለች።
ቶሎ አልመለስኩላትም።
አገጬ ገና ከፍ እንዳለ ነበር።