የአራተኛው እግር ነገር

ሃያ ስድስት ዓመት በለገሃር ጭነት ክፍል፣
ከብት ስቆጥር ኖርኩኝ፤ በሬ፣ ግመል፣ ፍየል።
አንዱንም አልነካሁ፣ ሻኛ ሆነ ጭራ፤
የኔ ከብት ቁጥር ነው፣ መስመር ላይ በተራ።
ቅጹ በፈረንሳይኛ፣ መሙያው በአማርኛ፤
«በሬ፣ አርባ ራስ»፤ ማኅተም፤ ፊርማ፤ «ቀጣይ ተረኛ!»

ባቡሩ ቆመ። ጡረታ ወጣሁ።
ከመጋዘን የተጣለ ሦስት ካርቶን ቅጽ
ተሸክሜ ከዚራ፣ ቤቴ መጣሁ።
ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ምን ሊሆንህ?» ብላኝ ነበር፤
መልስ አልነበረኝም ያኔ፣ ከማፈር በቀር።
አሁን አለኝ፤
በሬ ሊሆነኝ።

ሆዱን ጠቅልዬ እንደ ጧፍ፣ አንገቱን አጥፌ፣
ጎኑን በዱቄት ሙጫ በጣቴ ለጥፌ
(ጉንዳን ሙጫዬን ይወዳል፤ ልክ እንደ ደመወዝ ቀን
ተሰልፎ ይቀበላል ድርሻውን)
ከዚያ ጆሮ፣ በምላጭ። ጭንቁ የአህያ ነው፤
ካጠረ በቅሎ ይወጣል፣ ከረዘመ ጥንቸል፤
ስንቱን አህያ ጣልኩት ጆሮ ሳስተካክል!
የግመሉን ሻኛ ማኅተም ካረፈበት ገጽ ሠራሁ፤
ሰማያዊው ክብ ጀርባው ላይ ዋለ፣ እንደ ባለቤት ምልክት፤
መቀሴን አስቀምጬ ሳየው ቆየሁ።

ሙክታር በያጁ ሲያልፍ ይጮኻል፦ «ኧረ ሽጣቸው!»
የተሸጠ ከብት ቅጽ ይሻል፤
እነሱ ራሳቸው ቅጽ ናቸው፣ በምን ልሸኛቸው?

እግር ላይ ግን…
ሦስቱ ይቆማሉ። አራተኛው እምቢ ይላል።
እሱ አጠረ ብዬ ሦስቱን ብከረክም፣ ሌላው ደግሞ ያጥራል።
አንድ ኮርማ አለኝ፣ ስከረክመው፣ ስከረክመው፣
በሆዱ የቀረ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ተኝቶ ነው።»

የድሬ ቀትርም አላገዘኝ፤
ቬንትሌተር ካላበራሁ ላቤ ሙጫውን ያላቅቃል፣
ካበራሁ መንጋው በሙሉ ከጠረጴዛው ገደል ይገባል።
ስለዚህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፤
ግድግዳው ይቀዝቅዝ፤ እኔ በሽርጤ ሙቀቱን ቻልኩት።

ፈርዶሳ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ።
ከታይዋን ገበያ እስክትመለስ እናቷ
እኔ ጋ ትውላለች፤ ወረቀት እያጠፈች ትታዘበኛለች።
ትናንት መንጋውን ቆጠረችና «ጅቡስ?» አለች።
«ጅብ በባቡር አይጫንም፤ ቅጽ የለውም» አልኳት።
«ቅጽ ከሌለው የለም ማለት ነው?»
ዝም አልኳት።

ሦስተኛውን ካርቶን ከፈትን። ያልደፈርኩት ነበር።
አቤቱታ ነው፣ ጥርቅም፤ የጠፋ ከብት ነገር።
«አንድ ጥጃ፣ ጎድሏል።»
«ሁለት ፍየል፣ ከአይሻ ወዲህ አልታዩም።»
ከእያንዳንዱ ግርጌ በኔ እጅ፣ ባማረ ጽሑፍ፦
«ማስረጃ የለም።
ተዘግቷል።»
የፍየሎቹ ባለቤት ሮብሌ ወይስ ነው። ትዝ አለኝ።
ሁለት ቀን ከቢሮዬ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር፤
ውሃ እንኳ ጠጣ አላልኩትም።
«ጅብ ከሄደ…» ይላል ተረቱ። ውሻው እኔ ነኝ፤
ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው መጮኽ ያማረኝ።

ከዚያ ካርቶን ሠራነው። የኋላ እግሩ አጠረ፤
መቀሱን ሳነሣ የፈርዶሳ እጅ እጄን አስቀረ፦
«ተወው አባባ! ጅብ እኮ ነው፤ እንዲህ ነው አፈጣጠሩ!»
ቆመ። ሳይንገዳገድ፣ ሳይደገፍ፣ በአራት እግሩ።
ቬንትሌተሩን ወደ እሱ ባዞር፣ ወይ ፍንክች!
ልጅቷ ከፍየሎቹ ፊት ገትራው ወደ ቤቷ ሄደች።

ሌሊት ተነሥቼ ፊቱን ወደ በሩ መለስኩት።
ጠዋት መጥታ መልሳ አዞረችው፤ ዝም ብዬ አየሁት።

የሮብሌን ወረቀት ለብቻው አስቀምጫለሁ፤
አልቆረጥኩትም ገና።
ለክቼዋለሁ፤ ሁለት ፍየል ይወጣዋል፣ ከተጠነቀቅሁና
እጄ ካልተንቀጠቀጠ።
እግራቸው ስምንት ነው።
ቀስ ብዬ ነው።