እንዴት አደርሽ

መጀመሪያ የመጣች ቀን «ይደክመኛል» ነበር ያለችኝ፤
ዓይኗን ገልጬ አየሁና ደም ያነሳት መሰለችኝ።
የብረት ክኒን ቆጥሬ ሰጠሁ፣ ካርዷ ላይ ፊርማዬ አለ፤
በወሩ ስትመለስም እጄ ያንኑ ክኒን አደለ።

ረውዳ ትባላለች። ከኩታበር ማዶ፣ ከዳገቱ ጫፍ፣
አንድ ጀሪካን ውሃ ለማድረስ አራት ጊዜ የምታርፍ።
አማቷ «ሆድሽ ገፍቶ ነው» ትላለች፣
ጎረቤቷ «መንታ ነው» ትላለች፤
ጧት ጧት «እንዴት አደርሽ» ሲሏት «አልሐምዱሊላህ» ትላለች።
ሌሊቱን ግን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ታድራለች።

ይህን የነገረችኝ በሰባተኛው ወር ነው፣ ያውም እየሳቀች፤
«ሲስተር፣ ስጋደም ውሃ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል» አለች።

ያኔ ነው የነቃሁት።
ያንን የእንጨት ቀንድ፣ የጽንስ ማዳመጫዬን፣
ከሆዷ አንስቼ ከግራ ጡቷ ስር አኖርኩት።
ልጁ ይጋልባል፣ ቶሎ ቶሎ፣ ጉዳዩ እንዳለ ሰው፤
ከደረቷ የሰማሁት ግን ወፍጮ ነው፤
እህል ያለቀበት፣ ራሱን የሚፈጭ ወፍጮ ነው።

«ልጅ ሳለሽ ጉሮሮሽን አሞሽ ያውቃል?»
«እንጥሌን ተቆረጥኩ። ከዚያ ጉልበቴ አብጦ አንድ ክረምት ሙሉ ዳኽሁ።
ብርድ ነው ተባለ። ለቀቀኝ።»

አለቀቃትም። ከጉልበቷ ወጥቶ ወደ ልቧ ዘለቀ፣
በሩን ውስጥ ለውስጥ አጠበበው፤ ደሟ ደፉ ላይ ተጨናነቀ።
ለአንድ ሰው የማይበቃ በር
ለሁለት ነፍስ ሲገፋ ነበር።

አምቡላንሱ ሌላ ምጥ ይዞ ወርዷል፤ ድንች የጫነ አይሱዙ ለመንን፤
ባሏ ይማም ከጆንያው ላይ፣ እኔና እሷ ጋቢና ሆንን።
መንገድ ዳር የቀሩት ሴቶች አንዷ ፋጡማን፣ አንዷ ማርያምን ጠሩ፤
እኔ ትንፋሿን ቆጠርኩ፤ አርባ አለፈ፣ ከጦሳ ስር የደሴ መብራቶች ሲበሩ።

ሐኪሙ፣ ገና ወጣት ነው፣ የልቧን በር በስክሪን አይቶ
«እስከ ዛሬ የት ነበረች?» አለ።
የት ነበረች?
እኔ ጋ ነበረች።
ሁለት ጊዜ እኔ ጋ ነበረች።

ልጁ ተወለደ፤ ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ ጩኸቱ ግን የሌላ፤
እናቱ ወረቀት ይዛ ወጣች፣ የአዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተራ፣ ቀኑ ያልተሞላ።
«ሌላ እንዳትወልጂ» ተብላለች። አማቷ ይህን አልሰማችም።

በየሃያ ስምንት ቀኑ ለፔኒሲሊን ዳገቱን ወርዳ ትመጣለች፤
መድኃኒቱ ያለ ዕለት እወጋታለሁ፣
የሌለ ዕለት ልጁን አሳይታኝ ትሄዳለች።

«እንዴት አደርሽ?» እላታለሁ።
እንደ ድሮው አላልፍም፤ መልሱን ቆሜ እጠብቃለሁ።