ሰንሰለት ውስጥ ያለ አሸዋ

ጫቱን አራግፎ ባዶ የሚመለስ
አይሱዙ ላይ ጫንን፥ ደንገጎ እስክንደርስ።
ውሃ በሃይላንድ፥ ተምር በፌስታል፥
ነስሩና እኔ ብቻ፤ የቀረው ተኝቷል።
ሹፌሩ ሳቀብን፦ «ሰው በመኪና ወጥቶ
በገደል ይወርዳል፥ ደህና አስፋልት ትቶ?»

አስፋልቱ ይቅርብን፥ ለቸኮለ ይሁን፤
እኛ የመረጥነው የውሃውን ነው፥ የደረቀውን፥
ክረምት የቆፈረው፥ በጋ የተወውን፥
ከደንገጎ ጀርባ እስከ ድሬ የተሰነጠቀውን።

መጀመሪያ ጠጠር፤ ጎማው ያላምጣል፤
ቀጥሎ ድንጋዩ ከበግ ይበልጣል፤
ቀጥሎ ግድግዳው ግራና ቀኝ ይወጣል፥
ሰማዩም ይጠብና መቀነት ያክላል።
ፍሬኑን ስይዘው ጣቴን አመመኝ፥
ስለቀው ደግሞ ልቤ ቀደመኝ።
«ድንጋዩን አትየው!» ነስሩ ይጮሃል፥
«ካየኸው ድንጋዩ ራሱ ይጠራሃል!
መውጫውን ነው ማየት፥ መውጫውን ብቻ!»
ገደሉ ተቀብሎ፦ ብቻ... ብቻ... ብቻ...

ቁልቋሉ ቧጠጠኝ፤ የዝንጀሮ ሸንጎ
ከላይ ታዘበን፥ ጎፈሬውን ነፍቶ።
ፀሐይ ስትበረታ ዋሻ ጥላ ገባን፤
ግድግዳው ላይ ላሞች፥ ቀይ ላሞች አገኘን፥
ቀንዳቸው የረዘመ፥ ጡታቸው የሞላ፥
ሳር በሌለበት አገር የቆሙ በጥላ።
ነስሩ ሊዳስስ ሲል እጁን ያዝኩት፦ «ተው፤
ዝናብ ያላጠበውን ላብህ ነው የሚያጥበው።»

ከዋሻው ስንወጣ አንዲት ሴት ቆማለች፥
በትሯን እንደ ጦር አሸዋው ላይ ተክላለች፤
ሦስት ግመል ከኋላዋ።
«ይህ የናንተ ነው?» አለች የጎማውን ዱካ እያየች፥
«እባብ መስሎኝ እኮ ልገድለው ነው የተከተልኩት!»
ሳቅን።
እሷ አልሳቀችም።
በትሯን አነሳች፥ በራሳችን ላይ አሻግራ
ወደ መጣንበት፥ ወደ ደንገጎ ተራራ።
ከእኛ በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤
ደንገጎ ግን ጠቁሯል፥ የድስት ቂጥ ነው።
መውጫውን፥ መውጫውን ስንመለከት ውለን
ጀርባ እንዳለን እንኳ ለካስ ዘንግተን!
ግመሎቿ ቀድመው ዳገቱን ይዘዋል።
ስሟን አልጠየቅናት።

ብስክሌት ተሸክመን ወጣን በጥፍራችን።
መጀመሪያ ነፋስ፥ እርጥብ ሽታ መታው ፊታችንን፤
ቀጥሎ ድምፅ መጣ፥ እንደ ጭነት ባቡር፥
ገና ሳይታይ ነው የሚንቀጠቀጥ ምድር።
ውሃ አልነበረም፤ ጭቃ ነው፥ የቆመ፥
ግንድ የተሸከመ፥ ጀሪካን የለቀመ፥
አንድ እግር ነጠላ ጫማ ከፊቱ ያስቀደመ።
ዱካችንን በላው። እባቦቹ ሞቱ።

ነስሩ ግን አላየም።
ብስክሌቱን ገልብጦ፥ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ፥
የኋላ ጎማውን በአንድ ጣት ያሽከረክራል፦
ትክ ትክ ትክ ትክ...
ሲቆም እንደገና።
ያኔ ልጅ ነበረ። ያኔ ሌሊት ነበረ።
አልጠየቅኩትም። እኛ ሰፈር ይህንን
ማንም ማንን አይጠይቅም፤
ደቻቱ ዳር ያደገ ከዝምታው ይታወቃል።

ስወርድ ጋለብኩት፥ ስመለስ ጋለበኝ፤
እስከ ሳቢያን ድረስ ትከሻዬን ላጠኝ።
ጋሽ በዳሳ፥ የምድር ባቡር ጡረተኛ፥
ከኩራዝ ባልተሻለ አምፖል ሥር
ሰንሰለቱን ፈቶ ናፍጣ ውስጥ ነከረ፤
አሮጌ ጋዜጣ ላይ አሸዋ አራገፈ፥
ሌላ ዕፍኝ ወጣ፤ ሌላም አራገፈ።
«ብስክሌት አይደለም፥ ወንዝ ነው ያመጣችሁልኝ፤
ለማጠቢያው እንግዲህ አስር ብር ጨምሩልኝ!»

ጋዜጣውን ይዞ ሊደፋው ተነሳ።
ነስሩ ደጁ ላይ ደረሰበት።
«አይደፋ» አለው።
ተቀበለው፥ በአራት አጠፈው፥
ጫፉን ደግሞ አጠፈው፥ እንዳይፈስ፤
የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና
ብስክሌቱን እዚያው ትቶ
በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።