ያው ቋጥኝ ሥር

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ከደረቀ አበባ አቧራውን ማንሣት፣
በእርሳስ የሰፈረን የሟች እጅ ጽሑፍ ማሽን ውስጥ ማስገባት።
ከመስኮቱ ውጭ ደኒደን ይዘንባል።

ቁጥር፦ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት።
ስም፦ የተራራ ዴዚ፤ ቅጠሉ ከላይ አመድማ፣ ከሥሩ ነጭ ጥጥ።
ቦታ፦ ኒው ዚላንድ፣ ደቡብ ደሴት፣ ከበረዶ ግግሩ አፋፍ።
ለቃሚ፦ አግነስ ጋርቮክ።
ቀን፦ ጃንዋሪ 17፣ 1912።
ምርመራ፦ ንፋስ። ከቋጥኙ ሥር።

ቀጣዩ፦ ጃንዋሪ 17፣ 1913። ያው ቋጥኝ ሥር።
ቀጣዩ፦ ጃንዋሪ 17፣ 1914። ያው ቋጥኝ ሥር። ዘግይቼ ደረስኩ።

አለቃዬ መጣ፣ ሚስተር ፕሪንግል፣ መነጽሩን ሰቅሎ፣
«ድግግሞሽ ነው ይሄ፤ አንዱ ይበቃናል፤ ሌላውን ሰርዢው፣ ቦታ እንዳይዝ» ብሎ።

«እሺ» አለ አንደበቴ፤ ጣቴ ግን ሰነፈ።
አበባ ለቃሚ ዐይኑ አዲስ ይወዳል፣ ከሸንተረር ሸንተረር እየከነፈ፤
ይህች ሴት ምን ሆና ነው ከአንድ ቋጥኝ ግርጌ፣ አንድ ቀን ጠብቃ፣
ዘመን የምትሞላው ያንኑ አበባ ለቅማ፣ ያንኑ ቃል አጥብቃ?

ቀን፦ ጃንዋሪ 17፣ 1921።
ምርመራ፦ ላክላን ከወደቀ ዐሥር ዓመት። በረዶው ገመዱን መለሰ፤ እሱን ገና።

ባሏ ይሁን ወንድሟ፣ ወረቀቱ አይናገርም።
ሣጥኑን ሁሉ አየሁ፤ አንደኛው ሣጥን ላይ «የአፈር ዓይነት» ይላል፤
አፈር ላልለበሰ፣ በረዶ ለዋጠው፣ ምን ተብሎ ይሞላል?

የእናቴ ወገኖች ማኦሪዎች ናቸው፤
ይህን ቅጠል ቲኩሙ ይሉታል።
ድሮ ነጩን ሽፋን ገፈው
ዝናብ የማያልፈው ካባ ይሠሩበት ነበር።
ለዚህም ሣጥን የለም።
ምናልባት አግነስ፣ ሳታውቀው፣
በዓመት አንድ ቅጠል እያለች
ለበረደው ሰው ልብስ ጀምራ ነበር።

የመጨረሻው፦ ጃንዋሪ 17፣ 1934።
አበባ የለበትም።
ማሰሪያ ክሩ ብቻ ተሰፍቷል፣ ምንም ሳያስር።
ምርመራ፦ ጉልበቴ እምቢ አለ። ከታች ቆሜ አየሁት። አብቧል። አልቀጠፍኩም።

ፕሪንግል ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።
ሃያ ሦስቱንም አስገባሁ፣ አንድ ባንድ፣
ስህተቷን ሳላርም፣ «ያው ቋጥኝ»ን ሳላሳጥር።
ባዶው ወረቀት ላይ ስደርስ
ማሽኑ ቀይ ጽፎ ጠየቀኝ፦
«ናሙና የለም። ይመዝገብ?»

ይመዝገብ።